ከድንች በፊት የነበረ የምድር ፖም

ከሆላንድ ቋንቋ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። «አርዳፐል» ይባላል፤ ድንች ማለት ነው። ከአንድ ሙሉ ቋንቋ ውስጥ ድንችን ብቻ ይዞ መቅረት የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ ብዙ ስቀውብኛል።

«እስቲ በሆላንድኛ አንድ ነገር በይ» ይሉኛል።

«አርዳፐል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም፤ ይሄው ነው።»

ያኔ ሳቁ ይደራል። እኔ ግን ከተማርኳቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህ ያከበርኩት የለም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳ።

አርባ ምንጭ የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲቀላ፣ ማለትም በከተማው የታችኛው ክፍል ነበር፤ አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው ጋሞኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ስለነበሩ ቃላትን እየገነጠልኩ ማስረዳት ልማዴ ሆነ። በተለይ ስለ ጥምር ቃል የማስተምርበትን ክፍለ ጊዜ እወደው ነበር። ጥምር ቃል ማለት ሁለት ቃላት ተጋብተው አንድ ሌላ ነገር ሲሰይሙ ነው። «ምድር» አለ፤ «ባቡር» አለ፤ ሲገናኙ ምድር ባቡር ይሆናሉ። ከተማሪዎቼ አንዱም ባቡር አይቶ አያውቅም። ሆኖም ቃሉን ለሁለት ከፍዬ ስሰጣቸው በመሬት ላይ የሚሄድ ትልቅ ነገር መሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። ቃል ራሱን በራሱ ሲያስረዳ ማየት ያስደስተኛል።

የሆላንዷን ሴት ያገናኘኝም ይኸው ጠባዬ ነው። የግብርና ባለሙያ ነበረች፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ተቀጥራ በደጋው መንደሮች አዲስ የድንች ዘር ታዳርሳለች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ በር ላይ ስትደርስ ጎንበስ ማለት የለመደች ረጅም ሴት ናት። አማርኛ የተማረችው አዲስ አበባ ስለሆነ ቀስ ብላ፣ ቃል ሳትውጥ፣ እንደተጻፈ መጽሐፍ ትናገራለች። ስለ ድንች አተካከል በአንድ ገጽ የጻፈችውን መምሪያ የሚያርምላት ሰው ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤታችን ብትመጣ ዳይሬክተሩ፣ «ቃል ስትሰነጥቅ የምትውል አንዲት መምህርት አለችን» ብሎ ወደ እኔ ላካት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በላይኛው ከተማ ሴቻ ወደሚገኘው ቤቷ እየወጣሁ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን መምሪያውን እናርማለን። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብዬ ስጀምር፣ «አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ስትይኝ አያት የሆንኩ ይመስለኛል» አለችኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። አንድ ስህተት ካረምኩላት ደግማ አትሳሳተውም።

አንድ ቀን የመምሪያውን ርእስ ስንጽፍ ጠየቅኳት።

«በእናንተ ቋንቋ ድንች ምን ይባላል?»

«አርዳፐል።»

«አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?»

እርሳሷን አስቀመጠችና አየችኝ። «ይህን የሚጠይቅ ሰው ከአባቴ በስተቀር አላውቅም» አለች።

አባቷ የገጠር ትምህርት ቤት የቋንቋ አስተማሪ ነበር። «በእኛ ቤት ድንች የማይቀርብበት እራት የለም። ስለዚህ በየማታው ትምህርት አለ ማለት ነው። እናቴ፣ ድንቹ ሳይበርድባቸው ቃሉን ጨርስላቸው፣ ትለው ነበር።»

አባቷ ለልጆቹ ያስረዳ የነበረውን እሷም ለእኔ አስረዳችኝ። እንደሰማሁት በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አርዳፐል ጥምር ቃል ነው። «አርድ» ምድር ነው፤ «አፐል» ፖም ነው። ስለዚህ ድንች ለሆላንዶች የምድር ፖም ነው። ፖም ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጨንቻ በቆየው የሚሲዮን ግቢ ውስጥ ዛፉን ያላየ የለም። «አርድ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም ወንድሞች አሉት። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ጽሕፈት ሳይታወቅ በፊት አንድ ላይ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ሲለያዩ ቃሉን ተካፍለው ይዘውት ሄደዋል። «አፐል» ደግሞ ዘመዱ ከዚያ ይሰፋል፤ ሩሲያዎችና ሌሎች ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሳይቀር የሚመስለው ቃል አለ። ድሮ ፖም ብቻ ሳይሆን ድቡልቡል ፍሬ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ብርቱካንን እንኳ ሆላንዶች «የቻይና ፖም» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ ማቋረጥ ግድ ሆነብኝ። «እኛ ብርቱካን የምንለው እኮ ከፖርቱጋል ስም መጥቶ ነው!» አልኳት። «በዐረቦች በኩል ዞሮ ደርሶናል።»

«እናንተ ከፖርቱጋል፣ እኛ ከቻይና!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ፍሬው አንድ፤ አገሩ ሁለት።»

ስቀን ስንጨርስ ወንበሯን አቀረበች። «አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አባቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ነው። ቃሉ ድንችን በዕድሜ ይበልጠዋል።»

«እንዴት ሊሆን ይችላል?»

«ድንች የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ነው፤ በስፔኖች መርከብ። የምድር ፖም የሚለው ስም ግን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ በአሮጌ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ምንን ነበር የሚጠሩበት?»

«በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዱ ጋ መሬት ላይ ተኝቶ የሚያድግ እንደ ሐብሐብ ያለ ፍሬ ነው። ሌላው ጋ ደግሞ ጫካ ውስጥ የሚበቅል የአንድ አበባ ክብ ሥር ነው። ድንች ሲመጣ እነሱ ዘንድ ስም አልነበረውም፤ ሰዎቹ እጃቸው ላይ የነበረውን ስም ሰጡት። ከዚያ ድንች በዛና ስሙን ጠቅልሎ ያዘ። ዛሬ አርዳፐል ብትይ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው አታገኚም።»

ያን ሳምንት ሙሉ በዚህ ነገር ስደነቅ ሰነበትኩ። አንድ ገበሬ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ አይቶት የማያውቅ ጎርባጣ ነገር እጁ ላይ ይወድቃል። ሊፈራው ይችል ነበር። እሱ ግን ቤቱ ውስጥ ካሉት ቃላት በጣም የቆዩትን ሁለቱን፣ ምድርንና ፍሬን፣ ለእንግዳው አወረሰው። ይህን የሠራ ሊቅ አይደለም፤ የተራበና ያልተደናገጠ ሰው ነው።

እንዲህ እያሰብኩ ገበያ ወጣሁ። አንዲት ነጋዴ ፊት ለፊቷ ሁለት ክምር ዘርግታለች። አንደኛው የምናውቀው ድንች ነው። ሁለተኛው ቀጠን ረዘም ያለ፣ የሽማግሌ ጣት የመሰለ ባለ ቋጠሮ ሥር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ድንች።»

«ያኛውስ?»

«የአገር ድንች።»

ባለሁበት ቆምኩ። ቀድሞ የነበረው አሮጌው ሥር መሆኑን ማንም ያውቃል። ገበያው ላይ ግን መጤው ባዶውን ስም ይዞ ተቀምጧል፤ የአገሩ ልጅ ግን «የአገር» ካልተባለ አይታወቅም። ከደጋ የመጡ ተማሪዎቼን ስጠይቅ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። እነሱ ዘንድ አሮጌው ሥር «ዶኖ» ነው፤ አለቀ። አዲሱ ነው «የፈረንጅ ዶኖ» የሚባለው። ስሙ ተራራውን ሲወርድ ባለቤቱን ይቀይራል ማለት ነው። ድንች የሚለው ቃላችን ራሱ ከፈረንጁ ድንች በፊት ለአሮጌው ሥር ይሠራ እንደነበር የነገሩኝ ሽማግሌዎች አሉ። በማስረጃ ላረጋግጥ አልችልም፤ ግን አምናቸዋለሁ።

ሮጬ ሴቻ ወጣሁና ነገርኳት። የሆላንዷ ሴት ዶኖን በስም ታውቀዋለች እንጂ ቀርባ አላየችውም፤ ቀምሳውም አታውቅም። «በሚቀጥለው ጉዞዬ አብረሽኝ ትወጫለሽ» አለችኝ።

የሄድነው ከዶርዜ አለፍ ብሎ ወዳለ አንድ መንደር ነው። ላንድሮቨሩ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አርባ ምንጭ ላይ ያወለቅኩትን ሹራብ መልሼ ለበስኩ። አዲሱ ድንች የሚተከልበትን ቦታ ለማየት ነበር የመጣነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መንገድ ላይ ጠበቀን፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ኮፍያውን ከንግግሩ ጋር የሚያስተካክል ሰው ነው። ወደ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ጓሮ መራን።

እኚህ እናት ለብዙ ዓመታት አርባ ምንጭ ገበያ ወርደው የሸጡ ስለሆኑ አማርኛ ያውቃሉ። የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ። ከእንሰታቸው ጀርባ፣ በቀርከሃ አጥር የታጠረች ጓሮ አለቻቸው። አፈሩ በዓመታት ፍግ ጠቁሮ እጅ ውስጥ ይፈረፈራል። የሆላንዷ ሴት ጎንበስ ብላ ዘገነችና በደስታ አሸተተችው።

«ጓድ ባለሙያ፣ እንዳዩት ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ከዚህ የተሻለ አፈር በቀበሌው የለም። የአዲሱ ድንች ሠርቶ ማሳያ እዚህ ይሆናል።»

«ዶኖዬስ?» አሉ እናቲቱ።

«ይነቀላል።»

እናቲቱ ወደ እኛ ዞረው አስረዱን። የዶኖ ዘር ጎተራ አይገባም። ግንዱ ከደረቀ በኋላም ሥሩ የመትከያው ዝናብ እስኪመጣ ድረስ አፈር ውስጥ እንደተኛ ይቆያል። አለጊዜው ከወጣ ይጨማደዳል፤ አይበቅልም። ጎረቤቶቻቸው ዶኖን እየተዉት ነው፤ ከተተከለ በኋላ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው የሚደርሰው። ሆኖም በየዓመቱ ሐሳቡን ለውጦ ዘር የሚፈልግ አይጠፋም፤ የሚመጣውም ወደ እሳቸው ነው።

«ይሄ ከተነቀለ ዶኖ ከዚህ መንደር ወጣ» አሉ።

«እማማ፣ አብዮቱ ወደ ኋላ አያይም!»

«እኔስ መቼ ወደ ኋላ አየሁ? ወደ ታች ነው የማየው፤ ወደ አፈሩ።»

አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲሰሙ የነበሩ ሴቶች ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። የማኅበሩ ውሳኔ መሆኑን፣ ዝናቡ ሲጥል ጓሮው እንደሚጸዳ ተናግሮ ጨረሰ።  ስንመለስ፣ ዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ አልቆ ሐይቁ ሲታይ የሆላንዷ ሴት፣ «መሬት የሚመድበው ማኅበሩ ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትነግረው።

የድንቹን ዘር አስቀድማ ላከችው። እንዲያቆጠቁጥ በእንጨት ሣጥን ተደርድሮ እኚሁ እናት ቤት ተቀመጠ። የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ ለተከላው ወጣን።

ስንደርስ ቤቱ ደጃፍ ላይ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው ጠበቁን፤ ፊታቸው እንደ በዓል ቀን ያበራል። መሬት ላይ የተነጠፉት የእንሰት ቅጠሎች በነጫጭ ነገር ተሞልተዋል። ቀረብ ስል ነው የለየሁት። የሣጥኑ ድንች በሙሉ ለማለት ይቻላል ተቆራርጧል። የተረፈው አንድ ሣጥን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶኖ እንዳለ አይተከልም። ከተከላው አስቀድሞ ሴቶቹ ተሰብስበው በእጃቸው ይሰብሩታል፤ ጉድጓድ ውስጥም ስብርባሪው ሁለት ሦስት እየሆነ ይገባል። እንዲያ ሲሆን ቡቃያው ይበዛል። የፈረንጁ ዶኖም ዶኖ ነው ብለው፣ ባለሙያዋ ስትመጣ እንዳትደክም ሥራውን ቀድመው ሠርተውላት ነው። በእጅ አልሰበር ስላላቸው ቢላዋ ተዋውሰዋል።

«ትናንት መሸብን እንጂ ያንን ሣጥንም እንጨርስልህ ነበር» አሏት እናቲቱ በኩራት።

የሆላንዷ ሴት ወደ እኔ ዞረች።  መምሪያችን ላይ በትልቁ የጻፍነው ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ዘሩ ሳይቆረጥ ሙሉውን ይተከል ነው የሚለው። በእርጥብ አፈር ውስጥ ቁስሉ ያልደረቀ ድንች ይበሰብሳል።

ሊቀመንበሩ ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው። «ተበላሽቷል?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ እናቲቱ ዞረ። «ጓሮዎን ላለመስጠት ነው ይህን ያደረጉት! ይህ እኮ አሻጥር ነው!»

 በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ ከሊቀመንበር አፍ ከወጣ ወደ ወረዳ ሊወርድ፣ የተባለበትንም ሰው ይዞት ሊወርድ ይችላል። እናቲቱ እጃቸው ላይ የነበረውን ቁራጭ አላስቀመጡም፤ አልጣሉትም፤ እንደያዙት ቀሩ።

የሆላንዷ ሴት ጎንበስ ብላ አንድ ቁራጭ አነሣች። አገላበጠችው። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቡቃያ የሚያወጣ ዓይን መኖሩን አየች፤ በዘፈቀደ የተቆረጠ አንድም የለም።

«እናቴም ትቆርጥ ነበር» አለች። «ዘር ሲያንሰን፣ በቢላዋ፣ ልክ እንዲህ። ይህ አሻጥር አይደለም፤ ሥራ ነው።» ከዚያ ወደ እናቲቱ ዞራ እውነቱንም ነገረቻቸው። «ግን እማማ፣ ዛሬ ከተተከለ ይበሰብስብናል ብዬ እፈራለሁ። ቁስሉ እርጥብ ነው።»

«ዛሬማ ማን ይተክላል?» አሉ እናቲቱ። «ዶኖም ተሰብሮ ጥላ ውስጥ ይሰነብታል። ቆዳ ሲያወጣ ነው የሚገባው። አንተ ዛሬ ለማየት መስሎኝ የመጣኸው።»

ስለዚህ ተከላ የለም። ቁርጥራጩን ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ላይ በትነን ስንጨርስ ምሳ ቀረበልን፤ የተቀቀለ ዶኖ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር። ሊቀመንበሩ አጥሩ ጋ እጆቹን አጣጥፎ ቆሟል፤ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። ጓሮው መጽዳት አለበት፤ ዘሩ ቁስሉ ሲደርቅለት ቦታ ይፈልጋል።

የሆላንዷ ሴት ዶኖን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰች። ቀስ ብላ አኘከች፤ ሁለተኛውን ሳይሰጧት ወሰደች። እኔ ደግሞ የሊቀመንበሩ አቋቋም ስለከበደኝ፣ ማስረዳትም ስለምወድ፣ ለእናቲቱ የአርዳፐልን ታሪክ ተረክሁላቸው። ምድርን ነገርኳቸው፤ ፖምን ነገርኳቸው፤ ድንች ሳይመጣ ስሙ የሌላ ነገር እንደነበር ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ወደ ጋሞኛ እየመለሰች ለሌሎቹ አካፈለች።

እናቲቱ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «እንግዲህ በአንተም አገር እንግዳ ገብታ ስም ወሰደች!»

«ወሰደች» አለች የሆላንዷ ሴት እየሳቀች።

«የመጀመሪያዋስ? የት ሄደች?»

ሳቋ ቆመ። «አላውቅም» አለች። «አባቴም አያውቅም ነበር። ሥር ናት፣ ፍሬ ናት እያሉ ሊቃውንት ይከራከሩባታል። የቀመሳት ሰው የለም። ዘሯም የለም። መጽሐፍ ላይ ስሟ ብቻ ነው ያለው።»

እናቲቱ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይዞህ ልጄ» አሏትና ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጉት። «ብላ።»

የሆላንዷ ሴት አልበላችም። ተነሥታ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ሊቀመንበሩ ወደቆመበት ሄደች። ተከተልኳት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሠርቶ ማሳያው ለገበሬው ምን እንዲያሳይ ይፈልጋሉ?»

«አዲሱ ዘር ከአሮጌው እንደሚበልጥ ነዋ!»

«አሮጌው ከተነቀለ፣ ከምን እንደሚበልጥ በምን ይታያል? ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። አንድ አፈር፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ፍግ። አለበለዚያ ማሳያ አይደለም፤ ድንች ብቻ ነው።»

ኮፍያውን አስተካከለና ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህርት፣ ይህ ነገር ትክክል ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ «ሳይንሳዊው ዘዴ ይኸው ነው።»

አልዋሸሁም፤ ተማሪዎቻችን የሚማሩት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ያም ሆኖ «ሳይንሳዊ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የማይከፍተው በር እንዳልነበረ አውቅ ነበር።

«ሳይንሳዊ» አለ ሊቀመንበሩ፤ ቃሉን አፉ ውስጥ እንደሚያጣጥም ሰው። «እንግዲያው ግማሽ በግማሽ። አዲሱ ግን በመንገዱ በኩል ይሁን፤ የበላይ አካል ሲመጣ ቀድሞ እሱ ይታይ።» ከዚያ ወደ እናቲቱ ጮኸ። «ያን ዶኖ ሁሉንም ጨረሳችሁት እንዴ?»

«ና ወዲህ! አሻጥር የሌለበት ተርፎልሃል!» አሉት። መጣ፤ በላ። ዳጣው ዓይኑን ሲያስለቅሰው ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ውጤቱን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገር። የሆላንዷ ሴት ፍርሃት እውነት ነበር፤ ውሃ በሚተኛበት በታችኛው ጠርዝ ከተተከለው ቁርጥራጭ ብዙው በሰበሰ። በላይኛው በኩል ያለው ቆዳ አውጥቶ ስለገባ በደንብ በቀለ። ከሁሉም የበለጠ ግን ያ ሳይቆረጥ የተረፈው ሣጥን ነው የሰጠው። እናቲቱ ይህን አይተው፣ «የፈረንጇ ሙሉነቷን ትወዳለች፤ አትሰበርም» አሉና ከዚያ በኋላ አንድም አልቆረጡም። ዶኖው ገና በቅጠል ላይ ሳለ አዲሱ ድንች መድረሱ ደግሞ በጣም አስገረማቸው። «ይቺስ ችኩል ናት! ሰው ሲርበው የምታውቅ!» ይሉ ነበር። የዶኖን ጫፍ ሥሩ እንዲወፍር ይቀነጥቡታል። አዲሱንም እንዳይቀነጥቡት የሆላንዷ ሴት ለምናቸው ነበር። አንዱን ብቻ ተደብቀው ቀነጠቡት፤ ምንም እንዳልሆነለት ራሳቸው እየሳቁ ነገሩን።

መምሪያውን በትምህርት ቤታችን ማባዣ ስናባዛ ርእሱ ላይ ተከራከርን። «የአገር» እና «የፈረንጅ» የሚሉትን ቅጽሎች እሷም እኔም አልፈለግናቸውም። በመጨረሻ አንደኛውን «ድንች»፣ ሌላውን «ዶኖ» ብለን፣ ለሁለቱም ባዶ ስማቸውን ሰጥተን ጻፍን። ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ገጽ እሱ ነው።

በሚቀጥለው የመትከያ ወቅት እንደገና ወጣን። የእናቲቱ ደጅ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። አዲሱ ድንች ጥሩ ነው፤ ሁሉም ተክለዋል። በዶኖ የተያዘውን የጓሮውን ግማሽ ሲያዩ ግን እሱም ትዝ ብሏቸው ለዘር መጥተዋል። ባለ ሁለት ጥርሱ መቆፈሪያ ጥቁሩን አፈር ሲገለብጥ ዶኖው እንደተኛበት፣ ሙሉ ሆኖ ወጣ። እናቲቱ በየእንሰት ቅጠሉ ላይ እያካፈሉ ሴቶቹን ለመስበር አስቀመጧቸው። የሆላንዷ ሴት በሩ ጋ ጎንበስ ብላ ቆማ ታያለች።

እናቲቱ ቀና ብለው አዩዋት። ቃሉን አንድ ዓመት ሙሉ ይዘውት ኖረዋል ለካ፤ ከእኔ በተሻለ ጠሩት።

«ምን ቆመህ ታያለህ? ና፣ ቁጭ በል» አሏት፤ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ እየመቱ፣ በሌላው እጃቸው አንድ ዶኖ እየዘረጉላት። «አርዳፐልህን ስበር።»